የእድሩ ፎልደር ለማን ይከፈት?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፌንተን ጎዳና ላይ ያለ ካፌ ውስጥ። ወጣቷ የእድሯን ድረ ገጽ በበጎ ፈቃድ ታስተዳድራለች። ዕድሜያቸውን ሰርቨር ሲያስተዳድሩ ኖረው ጡረታ የወጡት ሽማግሌ ደግሞ ጭንቀቷን ሰምተው ከአሌክሳንድሪያ መጥተዋል። ላፕቶፗን አዞረችላቸው። ብራውዘሩ ላይ የእድሩ ሰነዶች ተዘርግተዋል፦ ቃለ ጉባኤ፣ የአባላት ስልክ ቁጥር፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት ሲሸኝ የተሰበሰበ የፓስፖርት ቅጂ።

«ጋሼ፣ ይሄን ማንም ያየዋል ማለት ነው?»

«አድራሻውን የጻፈ ሁሉ ያየዋል፤ ጎግልም ሊያገኘው ይችላል። ድረ ገጹን የሚያቀርበው አፓቼ የሚባለው የሰርቨር ፕሮግራም ፎልደሩ ውስጥ ኢንዴክስ የሚባለውን መነሻ ገጽ ሲያጣ፣ ከተፈቀደለት ያለውን ፋይል ሁሉ ራሱ ዘርዝሮ ያቀርባል። የአፓቼ ደንብ በሚጻፍበት ዋና ፋይል ላይ ‹ኦፕሽንስ› ከሚለው ቀጥሎ ‹ኢንዴክስስ› ፊት የመቀነስ ምልክት አድርጊበት።»

አደረገች፤ ሰርቨሩንም ሪሎድ አለችው። ዝርዝሩ ጠፍቶ 403 መጣ፣ «ተከልክሏል» የሚለው ቁጥር። ፊቷ በራ።

«አሁን አንዱን ፓስፖርት በሙሉ የፋይል ስሙ ጻፊው» አሏት።

ጻፈች። ተከፈተ።

«አየሽ ልጄ፣ መጋረጃ ሰቀልሽ እንጂ በሩን አልቆለፍሽም። እዚሁ አርሊንግተን ያለ ዲፕ ሩት አናሊቲክስ የሚባል፣ ለሪፐብሊካን ፓርቲ የሚሠራ ድርጅት፣ 198 ሚሊዮን ገደማ የአሜሪካ መራጮች መረጃ አማዞን ላይ ያለ ይለፍ ቃል አስቀምጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ክሪስ ቪከሪ የሚባል ተመራማሪ አገኘው። ሰርቨር መስበር አላስፈለገውም፤ አድራሻው በቂ ነበር።»

«ለጎግልና መሰሎቹ በሚጻፈው ሮቦትስ ፋይል ላይ ‹እዚህ አትግቡ› ብዬ ብጽፍስ?»

«ሮቦትስን ማንም ከፍቶ ያነበዋል። ጎግል ቢታዘዝልሽም ሌባውን መንገድ መራሽው።»

የእድር ሰነድ ከባንክ ሰነድ የማይተናነስ ምስጢር ይይዛል፤ ሰው ሐዘን ላይ ሆኖ የሰጠው ወረቀት ነው። ሽማግሌው ድምፃቸውን ያጠነከሩት ለዚህ ነው። ትምህርታቸውም ከመዝጋት ይጀምራል፦ ለፎልደሩ «ሪኳየር ኦል ዲናይድ»፣ ማለትም ሁሉም ይከልከል፣ ከዚያ የሚያስፈልገውን ብቻ መክፈት። አፓቼ ራሱ አብሮት የሚመጣው ዋና ፋይል የሰርቨሩን ሥር በዚሁ መስመር ይዘጋል። ቃለ ጉባኤው ለአባላት ይታይ ከተባለ በዚያ መስመር ፋንታ «ሪኳየር ቫሊድ ዩዘር» ይገባና ይለፍ ቃል ይጠየቃል።

«እኔ ያነበብኩት ግን ‹ኦርደር›፣ ‹ዲናይ›፣ ‹አላው› ይላል።»

«የድሮው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው አፓቼ 2.4 በ‹ሪኳየር› ተክቶታል፤ ሁለቱን አታደባልቂ። ደግሞ ይለፍ ቃል ብቻውን አይበቃም። ቤዚክ የሚባለው አሠራር ቃሉን አያመሰጥረውም፤ ቤዝ 64 በሚባል አጻጻፍ ገልብጦ ነው የሚልከው፣ ያገኘው ሁሉ መልሶ ይፈታዋል። መንገዱን የሚያመሰጥረው ኤችቲቲፒኤስ ይኑርሽ። የይለፍ ቃሎቹ ፋይልም ከድረ ገጹ ፎልደር ውጭ ይቀመጥ።»

«ባለፈው እኮ ፎልደሩ ውስጥ የራሱን ደንብ የሚይዝ ኤችቲአክሰስ ፋይል አስገብቼ ነበር። ምንም አልሠራም።»

«‹አላው ኦቨርራይድ› የሚለው ‹ነን› ከሆነ አፓቼ ዞር ብሎም አያየው፤ በ2.4 ካልነካሽው እንደዚያ ነው። ከተፈቀደለት ደግሞ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ከላይኛው ፎልደር ጀምሮ እየፈለገ ያነበዋል፣ ሥራ ይበዛበታል። ዋናው ፋይል በእጅሽ ካለ እዚያው ጻፊው።»

«ፓስፖርቱስ ጋሼ? እሱንም በይለፍ ቃል?»

«እሱ ድረ ገጹ ላይ ምን ይሠራል?»

መልስ አልነበራትም። ቅጂዎቹን ድረ ገጹ ከሚታይበት ፎልደር አውጥታ ኮሚቴው ብቻ ወደሚገባበት ቦታ አዛወረች። ለቀረው ፎልደር የይለፍ ቃሉን መስመር ዋናው ፋይል ላይ ጻፈች። ከሪሎድ በፊት «ኮንፊግቴስት» እንድታዝ አደረጓት፤ አንዲት ቅንፍ ብትጎድል ሰርቨሩ ተመልሶ ላይነሳ ይችላል። «ሲንታክስ ኦኬ» አለ። የፓስፖርቱን አድራሻ ደግማ ጻፈችው፤ በዚህ ጊዜ ይለፍ ቃል ጠየቃት፤ ስትሰጠውም 404፣ የለም።

ልትዘጋው ስትል ያዟት። «አክሰስ ሎጉን፣ የጠያቂዎቹን መዝገብ፣ ክፈቺ። የፓስፖርቶቹ ፋይል ስም አጠገብ 200 ካየሽ ፋይሉ ለጠየቀው ተሰጥቷል ማለት ነው፤ ቀኑና የአይፒ አድራሻውም አለ። ጎግል ዘንድ ካለ እንዲያነሳው አመልክቺ። ባለ ፓስፖርቶቹ ቤተሰቦች ደግሞ ዛሬ ማታ ይነገራቸው፣ ሊቀመንበሩ ጋ እኔ እደውላለሁ።»