ታብሌት ለነጋዴ፦ የሥራ መሣሪያ ወይስ የታሰረ ካፒታል?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐይቅ ከተማ የተሁለደሬና የአምባሰል ገበሬ ምርት ወደ ደሴ፣ ወደ ኮምቦልቻና ወደ አዲስ አበባ ከሚያልፍባቸው በሮች አንዷ ናት። በዚህ መስመር የሚሠራ የእህል ነጋዴ ወይም ደላላ ቀኑን የሚያሳልፈው በሚዛን አጠገብ፣ በመጋዘንና በመኪና ውስጥ ነው። ዱቤውን በደብተር ይይዛል፤ ዋጋ በስልክ ይጠይቃል፤ ገንዘብ በባንክ ወይም በቴሌብር ያስተላልፋል። ለዚህ ዓይነቱ ሰው ታብሌት ያስፈልገዋል ወይ?

ለጥያቄው መልስ የሚፈለገው ብዙውን ጊዜ ከዕቃው ነው። የስክሪኑ ስፋት፣ የካሜራው ጥራት፣ የባትሪው አቅም ይነሣል። ለነጋዴ ግን ይህ ሁሉ ሁለተኛ ነገር ነው። ቀዳሚው ጥያቄ በታብሌቱ ላይ የሚውለው ገንዘብ በሸቀጥ ላይ ቢውል ኖሮ ከሚያስገኘው ትርፍ የተሻለ ጥቅም ያመጣል ወይ የሚለው ነው። ይህን ለመመለስ ደግሞ ሥራውን፣ ወጪውንና የአካባቢውን ሁኔታ አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል።

ሥራው ይቅደም

ታብሌት ከስልክ የሚበልጥባቸው ሥራዎች የታወቁ ናቸው። የገቢና ወጪ ሠንጠረዥ ሙሉውን በአንድ ገጽ ያሳያል። ውልና ደረሰኝ አጉልቶ ለማንበብ፣ የሸቀጥ ናሙና ፎቶግራፍ ለገዢ ለማሳየት፣ በመንገድ ላይ ደብዳቤ ለመጻፍ ይመቻል። ከላፕቶፕ ጋር ሲነጻጸርም ክብደቱ ቀላል ነው፤ 10 ኢንች ስክሪን ያለው ታብሌት ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

በአንጻሩ ስልክ የሚበልጥባቸው ሥራዎች አሉ፤ ለነጋዴ ደግሞ ዋነኞቹ እነዚህ ናቸው። በገበያ ላይ ያሉ ብዙ ታብሌቶች በዋይፋይ ብቻ የሚሠሩ በመሆናቸው ሲም ካርድ አይቀበሉም። ሲም የሚቀበሉትም ቢሆኑ ሁሉም ስልክ አይደውሉም። የባንክ የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በስልክ መልእክት ነው። ከ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ቴሌብርም ያለ ኢንተርኔት በ*127# የሚሠራው በስልክ መስመር ነው። ስለዚህ ታብሌት የገዛ ነጋዴ ስልኩን አይተውም፤ ሁለቱንም ይዞ ይዞራል ማለት ነው። ታብሌት የሚገዛው በስልክ ምትክ ሳይሆን በስልክ ላይ ተጨማሪ ሆኖ መሆኑ በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት።

መሣሪያ ከሥራ በፊት ሲገዛ ምን እንደሚከተል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መንግሥት ለ4ኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወደ 180 ሺህ የሚጠጉ ታብሌቶችን አዘጋጅቶ ነበር። ቆጠራው በኅዳር 2010 ዓ.ም. እንዲካሄድ ታስቦ ተራዘመ። እንደገና ለ2011 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ተቀጠረ፤ አሁንም ተላለፈ፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ምክር ቤቶቹ ለሌላ ጊዜ አስተላለፉት። የመዘግየቱ ምክንያት ከነጋዴ ጉዳይ ጋር አይገናኝም። የሚገናኘው ትምህርቱ ነው። ሥራው ቢዘገይ እንኳ ባትሪውና ሶፍትዌሩ ማርጀታቸውን አይተዉም። እህል በመጋዘን ሲቆይ ዋጋው ሊጨምር ይችላል፤ ታብሌት በሣጥን ሲቆይ ግን ዋጋው ይወርዳል እንጂ አይጨምርም።

ወጪው በወር ሲሰላ

ታብሌት ሲገዛ የሚታየው አንድ ዋጋ ነው፤ የማይታዩት ግን ሦስት ናቸው። አንደኛው መለዋወጫውና ማጀቢያው፣ ሁለተኛው የኢንተርኔት ጥቅሉ፣ ሦስተኛው ገንዘቡ ከንግድ በመውጣቱ የሚቀር ትርፍ ነው። የሚከተሉት አኃዞች ለስሌት ብቻ የተያዙ ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱን ቁጥር ሊተካባቸው ይገባል።

አንድ ነጋዴ ታብሌቱን በ30,000 ብር፣ መከላከያ ልባሱንና ፓወር ባንኩን በ6,000 ብር ገዛ እንበል። ድምሩ 36,000 ብር ይሆናል። 3 ዓመት ተጠቅሞበት በ6,000 ብር ቢሸጠው ያለቀበት 30,000 ብር ነው። ይህ ለ36 ወር ሲካፈል በወር 833 ብር ይመጣል። ለኢንተርኔት በወር 500 ብር ቢጨምር 1,333 ብር ይሆናል።

አሁን የሚቀረው ትርፍ ይጨመር። ነጋዴው ገንዘቡን በዓመት 10 ጊዜ እያገላበጠ በእያንዳንዱ ዙር የተጣራ 2 በመቶ የሚያተርፍ ከሆነ፣ 36,000 ብሩ በዓመት 7,200 ብር ያስገኝለት ነበር፤ በወር 600 ብር ማለት ነው። በመሆኑም የታብሌቱ እውነተኛ ዋጋ በወር 1,933 ብር ይሆናል።

ይህ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? መልሱ በሥራው መጠን ይወሰናል። በወር 200 ኩንታል የሚያንቀሳቅስ ነጋዴ ወጪውን ለመመለስ ከእያንዳንዱ ኩንታል 10 ብር ያህል ተጨማሪ ጥቅም ማግኘት ይበቃዋል። የተሻለ ሒሳብ በመያዝ፣ የተረሳ ዱቤ በማስታወስ ወይም ናሙና ቶሎ በመላክ ይህን ማግኘት የማይቻል አይደለም። በወር 40 ኩንታል ብቻ የሚያንቀሳቅሰው ግን ከእያንዳንዱ ኩንታል 48 ብር ይፈለግበታል። ለእርሱ ታብሌት የሥራ መሣሪያ ሳይሆን የታሰረ ካፒታል ነው።

የግብሩ ጉዳይም መታየት አለበት። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ በመሆኑ፣ ከላይ በተያዘው የ30,000 ብር ዋጋ ውስጥ ታክሱ ካለበት 3,913 ብሩ ታክስ ነው። ለታክሱ የተመዘገበና መሣሪያውን ታክስ ለሚከፈልበት ሥራ የሚያውል ነጋዴ በሕጋዊ ደረሰኝ ሊያቀናንሰው ይችላል። የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ግብር ከፋይ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410 መሠረት ለኮምፒውተርና ለመሰል መሣሪያዎች በቀጥተኛ ስሌት በዓመት 20 በመቶ የእርጅና ቅናሽ ተፈቅዷል። ያለ ደረሰኝ የሚገዛ ሰው በዋጋ ቅናሽ ያገኘ ቢመስለውም ይህን መብት ያጣል።

«ዶላር ሳይጨምር ግዛ»

ሻጮች የሚያቀርቡት አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለ። ታብሌት ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዶላር በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ስለዚህ ብር ይዞ ከመቀመጥ ዕቃውን መግዛት ይሻላል ይላሉ። መከራከሪያው መሠረት የለውም ለማለት አይቻልም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል።

ይሁን እንጂ ስሌቱ በግማሽ የቆመ ነው። የታብሌት ዋጋ በዶላርም ይወርዳል፤ አዲስ ሞዴል በየዓመቱ ይወጣልና። ለአብነት ያህል 200 ዶላር የወጣበት ታብሌት ከ3 ዓመት በኋላ 60 ዶላር ቢያወጣ፣ ዶላሩም ከ57 ብር ወደ 114 ብር እጥፍ ቢሆን፣ የተገዛው በ11,400 ብር ነው፤ የሚሸጠው በ6,840 ብር ነው። ዶላር እጥፍ ሆኖም ባለቤቱ 4,560 ብር ከስሯል፤ የብሩ የመግዛት አቅም መውረድ ሳይቆጠር ማለት ነው። በመሆኑም የዶላር መጨመር ሊገዛ የተወሰነን ዕቃ ለማፋጠን ምክንያት ሊሆን ይችላል። የማያስፈልግን ዕቃ ለመግዛት ግን ምክንያት አይሆንም።

ኔትወርክ ሲጠፋ

በደቡብ ወሎ የሚሠራ ነጋዴ ከአዲስ አበባው ነጋዴ የሚለይበት ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ወደ አካባቢው ሲዘልቅ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በኅዳር 27 ቀን ወደ መንግሥት እጅ እስኪመለሱ ድረስ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጠው ነበር። በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህም የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚረሳ የለም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ወገን አለው። በአንድ በኩል በኢንተርኔት ብቻ የሚከፈት መዝገብ ያለው ነጋዴ መስመሩ በተቋረጠ ዕለት ማን ስንት ብር እንዳለበት አያውቅም። በሌላ በኩል ደብተር ብቻ የያዘ ነጋዴ ቤቱን ጥሎ ሲሸሽ ወይም ሱቁ ሲዘረፍ የዱቤ ሒሳቡ ከዕቃው ጋር አብሮ ይጠፋል። ለአንድ ነጋዴ የ300,000 ብር ዱቤ ሰነድ ከ30,000 ብር ታብሌት ይልቅ አሥር እጥፍ ዋጋ አለው፤ ሊጠበቅ የሚገባውም እርሱ ነው።

ስለሆነም ታብሌት የሚገዛ ሰው መዝገቡን ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ ፕሮግራም ይያዝ። በየሳምንቱ ቅጂውን በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ካርድ አውጥቶ በሌላ ቦታ ያኑር። ኢንተርኔት ሲኖር ሁለተኛ ቅጂ ይላክ። ዋና ዋናውን ዱቤ በደብተር መጻፉንም አይተው። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ላልሆነ ሰው ታብሌቱ ከደብተሩ የተሻለ ጥበቃ አይሰጥም። ታብሌት ለመግዛት አቅም የሌለው ደግሞ የደብተሩን ገጾች በየሳምንቱ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ በሚያምነው ዘመዱ ዘንድ ቢያስቀምጥ፣ ከጥቅሙ አብዛኛውን ያለ ወጪ ያገኛል።

በመንገድ ላይ

ለጉዞ ሲባል ታብሌት የሚገዛ ነጋዴ በቅድሚያ ጉዞውን ይቁጠር። ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ፣ ሌላ ቀን ወደ ውጫሌና መርሳ ለሚመላለስ ሰው ጉዞው በሰዓታት የሚያልቅ ነው፤ ለዚህ ስልክ ይበቃል። በወር ደጋግሞ አዲስ አበባ የሚወርድ፣ ወይም ዕቃ ለማምጣት ወደ ዱባይና ጓንዡ የሚበር አስመጪ ግን ረጅም ሰዓት በመኪና፣ በሆቴልና በአውሮፕላን ስለሚያሳልፍ ካታሎግ ለማየትና ሒሳብ ለመሥራት ታብሌቱን በእርግጥ ይጠቀምበታል። አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያስገቡት ፓወር ባንክ እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ያለውን ነው፤ ይህም በተለመደው አጠራር 27,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ ነው። መቀመጥ ያለበትም ከተሳፋሪው ጋር እንጂ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይደለም።

ለደላላ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለ። የሸቀጡን ናሙና፣ የሚዛኑን ንባብና የተስማሙበትን ዋጋ በዕለቱ መዝግቦ ለገዢም ለሻጭም መላክ ይችላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ደንግጓል። ሆኖም ሁለቱም ወገኖች አንድ ዓይነት ቅጂ መያዛቸው ይረጋገጥ። የአምባሰል ሰው ይህን ለማስተማር አያስፈልገውም፤ በ1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛና በጣሊያንኛ ተለያይቶ መጻፉ ምን እንዳስከተለ ያውቃልና።

ከመግዛት በፊት

ለመግዛት የወሰነ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የሚከተሉትን ይመልከት።

1. ሲም ካርድ የሚቀበል መሆኑን በራሱ ሲም ከትቶ ይሞክር።

2. ከሳዑዲ ዓረቢያ ወይም ከዱባይ በዘመድ የመጣ፣ ወይም ያገለገለ ከሆነ፣ የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን ያረጋግጥ። የተቆለፈ ታብሌት የቱንም ያህል ቢረክስ ውድ ነው።

3. ሶፍትዌሩ እስከ ስንት ዓመት እንደሚታደስ ይጠይቅ። በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የመጀመሪያው አይፓድ ከ2012 በኋላ አዲስ የሶፍትዌር እድሳት አላገኘም፤ ዕቃው እየሠራ ፕሮግራሞቹ ግን ጥለውት ሄደዋል።

4. መስተዋቱ ቢሰበር፣ ባትሪው ቢደክም ደሴ ላይ የሚጠግነው መኖሩንና የመለዋወጫውን ዋጋ አስቀድሞ ይወቅ።

5. ለአንድ ወር በስልኩ ላይ ሠንጠረዥ ይሙላ። በስልክ መመዝገብ የሰለቸው ሰው በታብሌት አይበረታም።

በአጭሩ፣ በወር መቶዎችን ኩንታል የሚያንቀሳቅስ፣ ሒሳቡን አሁንም በጽሑፍ የሚይዝና አዘውትሮ ሩቅ የሚጓዝ ነጋዴ ቢገዛ ወጪውን ይመልሳል። ሥራው ገና በሐሳብ ላይ ያለ፣ ወይም ካፒታሉ ለአንድ መኪና ጭነት የማይበቃ ግን ገንዘቡን በሸቀጡ ላይ ያቆየው። ሥራው ሲሰፋ ታብሌቱ ከገበያ አይጠፋም፤ በተመሳሳይ ገንዘብ ምናልባትም የተሻለ ይገኛል። በዱቤ ገዝቶ ለማይከፍል ደንበኛ የተሰጠ ሸቀጥ ግን በየትኛውም ስክሪን ላይ ቢጻፍ አይመለስም፤ ስለዚህ ከመሣሪያው በፊት የዱቤው ሥርዓት ይስተካከል።