የዋሽንግተን ሐውልት ስለ ምን ሁለት ቀለም ሆነ?

ባለፈው ክረምት አክስቴን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ ለመሄድ ስሰናዳ፣ አንድ የክፍል ጓደኛዬ፣ «የዋሽንግተንን ሐውልት ስታዪ የአክሱሙን ትረሺዋለሽ፤ ሰባት እጥፍ ይረዝመዋል» አለኝ። በነገሩ ብናደድም የምመልሰው አልነበረኝም። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳሰላው ደግሞ እውነቱን ሆኖ አገኘሁት። ከሮም በ2005 ተመልሶ በ2008 ዳግመኛ የቆመው የአክሱም ሐውልት 24 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የዋሽንግተኑ 169 ሜትር ነው። ስለዚህ ለጓደኛዬ የሚሆን መልስ ይዤ ለመመለስ ቈርጬ ተነሣሁ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልኝ እለምናለሁ።)

አክስቴና ባለቤቷ የሚኖሩት ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ በቨርጂንያ ነው። ባለቤቷን ጋሼ እለዋለሁ፤ ሥራው ታክሲ መንዳት ነው። በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ወደ ከተማው ይዞኝ ሲሄድ ሐውልቱ ከሩቅ ታየን። እኔም ትክ ብዬ ስመለከት፣ ከቁመቱ ሩብ ጥቂት ከፍ ብሎ ቀለሙ ይለወጣል፤ በገመድ የተለካ የሚመስል መሥመር ዙሪያውን ይታያል።

«ጋሼ፣ ያ መሥመር ምንድን ነው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ ልጄ። ሃያ ዓመት በዚህ ሳልፍ ወንዙ ሞልቶ የደረሰበት ይመስለኝ ነበር» ሲለኝ ሁለታችንም ሳቅን። ወንዝ እስከዚያ ድረስ ቢሞላ ኖሮ ከተማው የት በተገኘ!

ወደ ሐውልቱ ለመግባት ትኬት ያስፈልጋል። ውስጡ ክፍት ስለሆነ በአሳንሰር እስከ 152 ሜትር ይወጣል። ለጓደኛዬ የሚሆነውን የመጀመሪያውን መልስ ያገኘሁት እዚያው ነው። ይህ ሐውልት ከ36,000 በላይ በሆኑ ድንጋዮች እንደ ቤት ግድግዳ እየተደረደረ የተሠራ እንጂ፣ እንደ አክሱሙ ከአንድ ወጥ ድንጋይ ተጠርቦ የቆመ አይደለም። ግድግዳው ከሥሩ ላይ ከአራት ሜትር ተኩል በላይ ይወፍራል። ሁለቱን ሐውልቶች በቁመት ብቻ ማወዳደር ግንብንና ዛፍን እንደ ማወዳደር ነው ብዬ በልቤ ደስ አለኝ። ዳሩ ግን የመሥመሩ ነገር አልለቀቀኝም። የፓርኩን አስጐብኚ ጠየቅሁ፤ ከዚያም ስለ ጉዳዩ የተጻፈውን እየፈለግሁ አነበብሁ። ያገኘሁት ታሪክ እነሆ።

ለአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ለጆርጅ ዋሽንግተን ሐውልት ለማቆም በ1833 አንድ ማኅበር ተቋቋመ። ገንዘቡ የሁሉም ሕዝብ እንዲሆን በማሰብ በመጀመሪያ ከአንድ ሰው በዓመት ከአንድ ዶላር በላይ አይቀበልም ነበር። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ገንዘቡ የሚጠራቀመው በዝግታ ነበር። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በሐምሌ 4 ቀን 1848 ሲሆን፣ የንድፉ ባለቤት ሮበርት ሚልስ ነው። ማኅበሩም ክፍላተ አገሩና የውጭ መንግሥታት የመታሰቢያ ድንጋይ እንዲልኩ ጠየቀ። የሮማው ፓፓ ፒዮስ 9ኛም አንድ እብነ በረድ ላኩ።

በዚያን ጊዜ ከአየርላንድና ከጀርመን ብዙ ስደተኞች ወደ አሜሪካ ይገቡ ነበር። ከእነርሱም ብዙዎቹ ካቶሊኮች ስለ ነበሩ እነርሱን የሚጠላ አንድ የፖለቲካ ወገን ተነሣ። አባሎቹ ስለ ምሥጢራቸው ሲጠየቁ «ምንም አላውቅም» ይሉ ስለ ነበር ስማቸው «አላውቅም ባዮች» ሆኖ ቀረ። በመጋቢት 1854 አንድ ሌሊት ሰዎች መጥተው የሐውልቱን ዘበኛ ዘግተውበት የፓፓውን ድንጋይ ወሰዱት፤ ሰባብረው ወደ ፖቶማክ ወንዝ እንደ ጣሉትም ይታመናል። በሚቀጥለው ዓመት ኮንግረሱ 200,000 ዶላር ሊረዳ ተሰናድቶ ሳለ፣ እነዚሁ አላውቅም ባዮች የሐውልቱን ማኅበር በእጃቸው አስገቡት። ኮንግረሱም ወዲያው እጁን ሰበሰበ። አዲሶቹ አለቆች ጥቂት ረድፍ ብቻ ጨመሩ፤ እርሱም መናኛ ድንጋይ ስለ ነበረ በኋላ እንዲነሣ ተደረገ። የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ የሐውልቱ ግቢ ለሠራዊቱ ቀለብ የሚሆኑ ከብቶች መዋያና ማረጃ ሆነ። ሐውልቱ 46 ሜትር ላይ ተቈርጦ እንዲሁ ሃያ ዓመት በላይ ቆመ።

በ1876 መንግሥት ሥራውን ተረከበ። ቶማስ ሊንከን ኬሲ የሚባል የጦር ሠራዊት መሐንዲስ መሠረቱን ቢመረምር ደካማ ሆኖ አገኘው፤ ስለዚህ ከቆመው ሕንፃ ሥር እየቈፈረ ኮንክሪት አስሞላበት። (ለእኔ ከጠቅላላው ሥራ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።) ጆርጅ ማርሽ የተባለው በኢጣልያ የአሜሪካ መልእክተኛም የጥንት የግብፅ ሐውልቶችን አጥንቶ፣ ቁመቱ የግርጌው ስፋት አሥር እጥፍ እንዲሆን መከረ። ግንቡ በ1880 ሲቀጥል ከሌላ ሥፍራ የመጣ እብነ በረድ ገባበት፤ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ቀለሙ ከታችኛው ጋር አልገጠመም። በታኅሣሥ 6 ቀን 1884 በጫፉ ላይ ከአሉሚኒየም የተሠራ ትንሽ ጕልላት ተደፋበት። ዛሬ እናቶቻችን ወጥ የሚሠሩበት አሉሚኒየም በዚያ ዘመን እንደ ብር ውድ ነበር።

ይህን ሁሉ ለጋሼ በመኪና ውስጥ ነገርኩት። ስደተኞችን የሚጠሉት ሰዎች ያሉበት ላይ ስደርስ ዝም አለ። መብራት አስቁሞን ሳለ፣ «እንግዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ እያየሁት የማልፈው መሥመር የእኔን ዓይነቱን ሰው ጉዳይ ነዋ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤት እስክንገባ ሌላ ነገር አልተናገረም።

በማግሥቱ ከአክስቴ ጋር ወደ ሊንከን መታሰቢያ ሄድን። ስለ ሕንፃው ውበት ብዙዎች ስለ ጻፉ እኔ አልጨምርም። ነገር ግን የባሮችን ነፃነት በ1863 ላወጀው ለዚያ ሰው የተሠራው ይህ ቤት በ1922 ሲመረቅ፣ ጥቁሮቹ እንግዶች ለብቻ በተከለለ ሥፍራ ተቀምጠው እንደ ነበር ሳነብ አዘንኩ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 በ250,000 ያህል ሕዝብ ፊት የተናገረው በዚሁ ደረጃ ላይ ነው፤ የቆመበት ድንጋይ ላይም ተቀርጾበታል። አክስቴ ጫማዋን አውልቃ እዚያ ላይ ቆመች። ሰዎች ሲያዩን እኔ አፈርኩ፤ እርስዋ ግን ግድ አልነበራትም።

ትምህርት ሲከፈት ያን ጓደኛዬን ፎቶግራፉን አሳየሁት፤ የአንድ ድንጋዩንም ነገር፣ የመሥመሩንም ታሪክ ነገርኩት። ይቈጣል ወይም ይረታል ብዬ ስጠብቅ፣ «ታዲያ 33 ሜትር የነበረው ትልቁ የአክሱም ሐውልት ተሰባብሮ የተኛው ስለ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ብዙ ሊቃውንት ሲያቆሙት ወይም ከቆመ ጥቂት ቈይቶ እንደ ወደቀ ይናገራሉ፤ መሠረቱም ለዚያ ክብደት አልበቃም የሚሉ አሉ። የታሪክ አስተማሪያችን ክርክራችንን ሰምተው፣ ለሚቀጥለው ዓመት መጽሔት እኔና እርሱ አብረን እንድንጽፈው አዘውናል። እርሱ ስለ ክብደቱ፣ እኔ ስለ መሠረቱ ጀምረናል።