ጥንቃቄ የማን ነው?



ሰውን በአማርኛ ስንመክር ወይም ስንገሥጽ፣ የምንናገረው ለወንድ ይሁን ለሴት ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። «ተጠንቀቅ» ለወንድ ነው፤ «ተጠንቀቂ» ለሴት ነው። እስቲ እያንዳንዳችን በየቤታችን ለአንድ ሳምንት ጆሯችንን ከፍተን እናዳምጥ። «ሳይመሽ ተመለሺ፤ በዚያ በኩል እንዳታልፊ፤ ወጡ እንዳያርርብሽ፤ ለወንድምሽ የሚስማማውን ለይተሽ ሥሪለት» የሚለው ቃል በቀን ስንት ጊዜ ይነገራል? «ሰው እንዳታስፈራራ፤ ከኋላዋ እንዳትከተል፤ ዛሬ ድስቱን አንተ ጠብቅ» የሚለውስ ስንት ጊዜ ተነግሮ ያውቃል? ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ዓይነት ምክር መቁጠር ያቅተናል፤ ሁለተኛውን ግን አንሰማውም።

የዛሬው ትምህርታችን የሚመለከተው ይህንኑ ነው። ሁለት ቦታዎችን እንወስዳለን፤ እነዚህም መንገድና ማጀት ናቸው። በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ስሕተት እንደሚሠራና ስሕተቱም በእኛ በወጣቶች ሊታረም እንደሚችል ለማሳየት እንሞክራለን።

ሀ. አንድ ተረትና አንድ ጥናት

«ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» የሚል የቆየ አባባል አለን። ላይ ላዩን ሲታይ ተራ የሥራ ክፍፍል ይመስላል። ውስጡን ስንመረምረው ግን ሁለት ፍርዶች አሉበት። አንደኛ፣ አደባባዩ የወንድ ነው ከተባለ ሴት በአደባባይ ስትገኝ በሰው ቦታ እንደ ገባች ትቆጠራለች። ስለዚህ በመንገድ ላይ ጉዳት ቢደርስባት መጀመሪያ የሚቀርበው ጥያቄ «ማን ጎዳት?» ሳይሆን «እዚያ ምን ትሠራ ነበር?» የሚል ይሆናል። ሁለተኛ፣ ማጀቱ የሴት ብቻ ነው ከተባለ በማጀት የሚጎድለውና የሚበላሸው ሁሉ የእርሷ ጥፋት ይሆናል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንባቸው ምክንያቶች እንዳሉ ሰዎች ተጠይቀው ነበር። የቀረቡት ምክንያቶች አምስት ናቸው፤ ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ከቤት ብትወጣ፣ ልጆቿን ችላ ብትል፣ አብራው ለመተኛት እምቢ ብትል። ከእነዚህ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት መመታቷ ተገቢ ነው ያሉት ከሴቶቹ 63 በመቶ፣ ከወንዶቹ ደግሞ 28 በመቶ ነበሩ።

በዚህ ቁጥር ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ከአምስቱ ምክንያቶች አንዱ የማጀት ነው፤ ምግብ ማሳረር። ሌላው የመንገድ ነው፤ ሳይነግሩ መውጣት። ይበልጥ የሚያሳዝነው ደግሞ መመታቱን ያጸደቁት ሴቶች ከወንዶቹ በእጥፍ መብለጣቸው ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ተጠንቀቂ» ብቻ እየተባለች ያደገች ልጅ፣ ጉዳት ሲደርስባት «ሳልጠነቀቅ ቀርቼ ነው» ብላ ራሷን ብትከስስ ምን ይደንቃል? እንግዲህ ይህ ልማድ የወንዶች ብቻ አይደለም። እናቶችም፣ አክስቶችም፣ እኅቶችም ያስተምሩታል። ስለሆነም ማረሙም የሁላችንም ሥራ ነው።

ለ. መንገድ ላይ

«ሴት ልጅ በቀን ከወጣች፣ ልብሷንም ከጠበቀች ምንም አይደርስባትም» የሚል አስተሳሰብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ የሆነው ግን ይህን አይመሰክርም። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች። በደረሰባት ግፍ መካከል የጠላፊዋን መሣሪያ አንሥታ ለማምለጥ ሞከረች፤ ሲከተላትም ተኩሳ ገደለችው፤ በዚህም ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሞላት፣ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ በነጻ ተለቀቀች። ታሪኩም እ.ኤ.አ. በ2014 «ድፍረት» በሚል ርእስ በፊልም ቀርቧል። ይህች ልጅ ያጎደለችው ጥንቃቄ ምን ነበር? ቀን ነበር፤ ከትምህርት ቤት ነበር የምትመለሰው። ጥንቃቄ የጎደለው ከእርሷ ሳይሆን ጠለፋን «ባህል ነው» እያለ ከተቀበለው ኅብረተሰብ ነው።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ ዝንባሌ ነጻ አልነበረም። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት በር ነበረው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን ይህን በር ዘግቶታል። በአንቀጽ 587 መሠረት ሴትን ለማግባት ብሎ በኃይል የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከቅጣት አያድነውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ሴቶችን የሚጨቁኑ ወይም በአካላቸውና በአእምሯቸው ላይ ጉዳት የሚያስከትሉ ሕጎችን፣ ወጎችንና ልማዶችን ከልክሏል።

ሕግ ግን የሚደርሰው ለትልቁ ነገር ነው። በየቀኑ የሚደረገውን ለከፋ ማን ያያል? በየመንገዱ ጥግ ቆመው የሚያልፉትን እኅቶች ስለ ሰውነታቸው የሚናገሩ፣ እጅ የሚይዙ፣ መልስ ሲነፈጉም የሚሳደቡ አሉ። ሲጠየቁም «መጫወቴ ነው» ይላሉ። ጨዋታ ግን ሁለቱም ሲስቁበት ነው። አንዷ አንገቷን ደፍታ እርምጃዋን ካፈጠነች፣ ነገም ሌላ ረጅም መንገድ ከመረጠች፣ ያ ጨዋታ አይደለም። ከቀን ወደ ቀን ሲደጋገም ደግሞ ትልቅ ነገር ይወስዳል። ልጅቱ የማታ ትምህርቷን ታቋርጣለች፤ ከመዝሙር ጥናት ትቀራለች፤ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ትተዋለች። ለካፊው በሁለት ቃል የሠራውን እርሷ በዕድሜዋ ትከፍለዋለች።

አንድ ነገር እንጨምር። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት፣ በዓለም ላይ ከሦስት ሴቶች አንዷ ገደማ በሕይወቷ የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ይደርስባታል፤ አብዛኛውም የሚፈጸመው በባል ወይም በፍቅር ጓደኛ ነው። ስለዚህ ሴት ልጅን ቤት ዘግቶ ማስቀመጥ ጥበቃ አይደለም። አደጋው ብዙ ጊዜ ከበሩ ውስጥ ነውና።

ሐ. ማጀት ውስጥ

አሁን ወደ ሁለተኛው ቦታ እንግባ። በአንዳንድ ቤት አንድ ልጅ ወይም ጎልማሳ ስንዴ ሲበላ ይታመማል፤ ወይም ወተት አይስማማውም። ሐኪሙ የምግብ ትእዛዝ ሲሰጥ ትእዛዙ ለታማሚው ቢነገርም የሚፈጸመው በእናትና በእኅት እጅ ነው። ታማሚው ወንድም ራሱ ምን እንደተከለከለ በቅጡ አያውቅም፤ የቀረበለትን ብቻ ይበላል። ቢታመም ደግሞ «ምን አበላችሁት?» ይባላል። ይህም ያው የመንገዱ ጥያቄ ነው። እንግዲህ ወንዶችም ሴቶችም ነገሩን ከሥሩ እንማረው።

ግሉተን የሚባለው በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ሴሊያክ የተባለ ሕመም ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ የራሱን ትንሽ አንጀት ይጎዳል። ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ ክሳትና የደም ማነስ ያስከትላል፤ በሕፃናት ላይ ደግሞ እድገትን ይገታል። ሕመሙ ከስንዴ ጋር የተያያዘ መሆኑን የገለጠው ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ሲሆን፣ የምርምር ጽሑፉን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። እስከ ዛሬ ዋናው መድኃኒት ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው። ሆኖም የደም ምርመራ ሳይደረግ በግምት ስንዴ ማቆም አይገባም፤ አስቀድሞ ከቆመ ምርመራው ሕመሙን ላያሳይ ይችላልና።

የወተት ነገር ከዚህ የተለየ ነው። ብዙ አዋቂዎች በወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የተባለ ስኳር መፍጨት ያቅታቸዋል፤ ሆዳቸው ይነፋል እንጂ ለሕይወት አያሰጋም። የወተት ፕሮቲን የማይስማማው አለርጂ ያለበት ሰው ግን ጥቂቱም ሊጎዳው ይችላል። ለእርሱ የተነጠረ ቅቤም ቢሆን አያስተማምንም።

በዚህ ረገድ የአገራችን ማጀት ባለጸጋ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ቆጮና ቡላም እንዲሁ የላቸውም። በጾም የምንበላቸው ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍትና ተልባ ሁሉ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ የሚሠሩ ናቸው። ነገር ግን «የጾም ነው» ማለት «ግሉተን የለውም» ማለት አይደለም። ዳቦ፣ የስንዴ ቂንጬ፣ በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ፓስታና ሳምቡሳ የጾም ሲሆኑ ለሴሊያክ ሕመምተኛ ግን የተከለከሉ ናቸው። አጃም ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚቀላቀል አያስተማምንም።

እንጀራውን ስንጋግር የሚከተለውን እናስተውል።

1ኛ. ጤፉ ያልተቀላቀለ ይሁን። ለማብዛት ወይም ለዋጋ ሲባል ገብስ ወይም ስንዴ የተጨመረበት እንጀራ ለሕመምተኛው አይሆንም። በወፍጮ ቤትም ከስንዴ ቀጥሎ እንዳይፈጭ መጠየቅ ይገባል።

2ኛ. እርሾው ከንጹሕ ጤፍ ሊጥ የተገኘ ይሁን። ከጎረቤት የተዋሱት እርሾ የተቀላቀለ ሊጥ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው።

3ኛ. ዱቄቱን በውኃና በእርሾ አቡክቶ ከ2 እስከ 3 ቀን ማስቀመጥ። ከዚያ በላዩ ያቀረረውን ውኃ መድፋት።

4ኛ. ከሊጡ አንድ ኩባያ ወስዶ ወደ ሦስት ኩባያ የፈላ ውኃ መጨመርና እስኪወፍር ማማሰል። ይህ አብሲት ነው። ሲበርድ ወደ ሊጡ መልሶ ኩፍ እስኪል መጠበቅ፤ ከዚያም መጋገር።

5ኛ. ወንፊቱ፣ ማቡኪያውና ምጣዱ የስንዴ ዱቄት ያልነካቸው ይሁኑ። ከገበያ የተገዛ በርበሬና ሽሮም ሌላ ዱቄት የተደባለቀበት ሊሆን ስለሚችል ቢቻል በቤት ማዘጋጀት ይመረጣል።

መ. ሁለቱ የሚገናኙበት

ከላይ ያለውን ያነበበ ወንድም «ይህ ሁሉ ለእኔ ምኔ ነው?» እንዳይል። «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» የሚለው አባባል በራሳችን ታሪክ ይፈርሳል። በወንዶች ገዳማት መነኮሳት ለራሳቸውና ለእንግዳ ያበስላሉ። በሆቴልም ደመወዝ ሲኖረው ወንዱ ሲያበስል «ሙያ» እንለዋለን፤ ያለ ደመወዝ በቤት ሲሆን ግን «የሴት ሥራ» ይሆናል። ስለዚህ ነገሩ የተፈጥሮ ሳይሆን የልማድ ነው።

የራሱን ሊጥ የሚያቦካ፣ ምን እንደሚጎዳው የሚያውቅ፣ እኅቱ ስትደክም ምጣዱን የሚረከብ ወጣት፣ በመንገድም ላይ ሌላ ሰው ይሆናል። ምክንያቱም የሌላ ሰው ድካምና ሥጋት የራሱ ጉዳይ መሆኑን ተምሯል። ጓደኛው ሲለክፍ «ተው» ለማለት አያፍርም። ጉባኤ ሲመሽ «ሴቶቹ ይቅሩ» ከማለት ይልቅ «ሰዓቱን ቀደም እናድርገው» ይላል። እኅቱን መሸኘት ቢፈልግ እንኳ ፈቃዷን ጠይቆ ይሸኛታል እንጂ እንደ ዘበኛ አይከታተላትም።

እኅቶችም የራሳችሁ ድርሻ አላችሁ። አንዷ ጉዳት ደርሶባት ስትነግራችሁ «ለምን ብቻሽን ሄድሽ?» የሚለውን ቃል ከአፋችሁ አውጡት። በምትኩ «ስለነገርሽኝ ደግ አደረግሽ፤ አሁን ምን ላግዝሽ?» በሏት። ሰው በተጎዳ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል ወይ ያቆመዋል ወይ ይጥለዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ለሴት ልጅ ብቻ የሚነገሩ ሦስት ማስጠንቀቂያዎችን ጻፉ። ከእነዚህ ውስጥ ለወንድም ሊነገር የሚገባው የትኛው ነው?

2. ከጥናቱ አምስት ምክንያቶች ውስጥ በአካባቢያችሁ አሁንም የሚሰማው የትኛው ነው? ማንስ ያስተምረዋል?

3. የሰንበት ትምህርት ቤታችን መርሐ ግብር እኅቶች ያለ ሥጋት እንዲመጡና እንዲመለሱ ምን ቢለወጥ ይሻላል?

4. በሚመጣው በዓል ዝግጅት ላይ ማን ያበስላል፣ ማን ያጥባል፣ ማንስ ተቀምጦ ይበላል? ስንዴ ወይም ወተት ለማይስማማቸው ምን እናዘጋጃለን? ሥራውን ወንድና ሴት ሳትለዩ ተከፋፍላችሁ በስም ጻፉት።

አራተኛው ጥያቄ በቃል ብቻ የሚመለስ አይደለም። ዝርዝሩን ይዛችሁ ኑ፤ ወንድሞችም ስማችሁ ከሊጡና ከምጣዱ አጠገብ ይገኝ።