ሳያመው ወደ ክሊኒክ የሚመላለስ ልጅ

በአገራችን የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ይዞታል» ይባላል። የሌሊት ወፍ ያመጣችው ነው የሚሉም አሉ። የዛሬው ትምህርታችን ግን ዓይኑ ቢጫ ሳይሆን፣ ምንም ሳያመው፣ ሄፓታይተስ ቢ የተባለውን ቫይረስ በጉበቱ ይዞ ስለሚያድግ ልጅ ነው።

ቫይረሱ በደም ውስጥ ከ6 ወር በላይ ከቆየ በሽታው ሥር ሰድዷል ይባላል። ይህን የሚወስነው በአብዛኛው የተያዙበት ዕድሜ ነው። ከ100 አዋቂዎች ቫይረሱ ሥር የሚሰድባቸው ከ5 ያነሱ ናቸው። ሲወለዱ ከእናታቸው ከተያዙ 10 ሕፃናት ግን በ9ኙ ላይ ይቀራል። የሕፃኑ ሰውነት ቫይረሱን እንደ ጠላት አይቆጥረውምና አይዋጋውም። ስለዚህ ልጁ ይጫወታል፣ ይማራል፣ ያድጋል። ይህ ሁኔታ 10 ወይም 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። በኋላ ሰውነት ነቅቶ መዋጋት ሲጀምር የሚጎዳው ጉበት ነው፤ ጠባሳ ይይዛል፣ ከዓመታት በኋላም ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል።

ውጊያው መቼ እንደሚጀምር ከውጭ አይታይም፤ በደም ምርመራ እንጂ። ልጁ በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ የሚቀጠረው ለዚህ ነው። «ደህና ነው» ብላችሁ ቀጠሮ አታሳልፉ።

«ቫይረሱ ካለበት መድኃኒት ለምን አይሰጠውም?» የሚል ወላጅ አለ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ቴኖፎቪርና ኢንቴካቪር የተባሉት እንክብሎች ቫይረሱን ያዳክማሉ እንጂ ብዙ ጊዜ ጨርሰው አያጠፉትም። ከተጀመሩ ለዓመታት በየቀኑ ይወሰዳሉ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቢቋረጡ በሽታው ሊያገረሽ ይችላል። ጉበቱ ገና ላልተጎዳ ትንሽ ልጅ ጥቅማቸው አነስተኛ በመሆኑ ሐኪሙ ይጠብቃል። ሆኖም የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች መድኃኒት የሚጀመርበትን መስፈርት አስፍቶታል። ቀድሞ «ገና ነው» የተባላችሁ ልጁ 12 ዓመት ሲሞላው እንደገና ጠይቁ።

ለወፍ በሽታ እየተባለ የሚጠጣው ቅጠልና ሥር የታመመ ጉበትን ይብስ ሊጎዳ ይችላል። በምላጭ መብጣት ደግሞ ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው ያሻግራል።

ተማሪዎች፣ ጓደኛችሁ ቫይረሱ ቢኖርበት አብራችሁ ብሉ፣ አብራችሁ ተቀመጡ። በጉርሻ፣ በመጨባበጥ ወይም በሳል አይተላለፍም። በደም ይተላለፋል፤ ከሰውነት ውጭ እንኳ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ምላጭና የጥርስ ብሩሽ አትዋዋሱ፣ ቁስልም ሸፍኑ።

ኢትዮጵያ ክትባቱን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ትሰጣለች። በወሊድ ጊዜ የሚተላለፈውን ለመከላከል ግን ክትባቱ በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። ነፍሰ ጡር እናቶች፣ ተመርመሩ፤ ስለዚህም ክትባት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሕፃኑ ከተከተበ ጡት ማጥባት አያሰጋም። ያልተከተቡ ታላላቅ ልጆችም መከተብ ይችላሉ።

መልመጃ፦
1. ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ለብዙ ዓመታት የማያመው ለምንድን ነው?
2. በቤታችሁ በጋራ የምትጠቀሙባቸው ስለታም ዕቃዎች የትኞቹ ናቸው? ከወላጆቻችሁ ጋር ዘርዝሩ።