የሬዚስተሩ ዋጋና የመንገዱ ዋጋ

ኤሌክትሮኒክስን በእጁ እየሠራ ለመማር የተነሣ ተማሪ ሁሉ ውሎ አድሮ አንድ እንቆቅልሽ ይገጥመዋል። ለሰርኪዩቱ የጎደለው ሬዚስተር በውጭ አገር ሻጮች ዝርዝር ላይ የተተመነው በጥቂት ሳንቲም ነው፤ ለማስላኪያው ግን አሥርና ከዚያም በላይ ዶላር ይጠየቅበታል። በዚህ ምክንያት የጀመሩትን ሥራ በወረቀት ላይ ትተው የሚመረቁ ተማሪዎች አሉ። የኦምን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማወቅና በገዛ እጅ በበየዱት ሰርኪዩት ላይ መለካት አንድ እንዳልሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ ጽሑፍ የመላኪያ ዋጋ ከምን እንደሚመነጭ ከመረመርን በኋላ፣ በቀላል ሒሳብና በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ እንዴት ሊቃለል እንደሚችል ለማሳየት እንሞክራለን።

ክፍያው በጉዞ እንጂ በፍሬ አይደለም

ኮንትራት ታክሲ የያዘ ሰው ብቻውን ቢሄድም፣ ሦስት ጓደኞቹን ቢያስከትልም የሚከፍለው ያው ነው። የመላኪያ ዋጋም ጠባዩ ይህንኑ ይመስላል። የመጋዘኑ ሠራተኛ ዕቃውን ከመደርደሪያ ያወርዳል፤ ያሽጋል፤ አድራሻና የጉምሩክ መግለጫ ይለጥፋል። እሽጉ ይለያል፤ ይጫናል፤ ይመዘገባል፤ በመጨረሻም ለባለቤቱ ይደርሳል። በውስጡ አንድ ሬዚስተር ቢኖር ወይም መቶ፣ ይህ ሁሉ ድካም እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ የአንዱን ፍሬ እውነተኛ ወጪ እንዲህ እንጽፈዋለን፦

የአንዱ አማካይ ወጪ = የአንዱ ዋጋ + (የመላኪያ ክፍያ ÷ ብዛት)

ለምሳሌ ያህል የአንዱ ዋጋ 10 ሳንቲም (0.10 ዶላር)፣ የመላኪያው ክፍያ 12 ዶላር ነው እንበል።

1 ፍሬ ስናዝዝ፦ 12.10 ዶላር
10 ፍሬ ስናዝዝ፦ እያንዳንዱ 1.30 ዶላር
100 ፍሬ ስናዝዝ፦ እያንዳንዱ 0.22 ዶላር
1000 ፍሬ ስናዝዝ፦ እያንዳንዱ 0.112 ዶላር

ከአንድ ወደ አሥር ስንሄድ 10.80 ዶላር፣ ከአሥር ወደ መቶ 1.08 ዶላር፣ ከመቶ ወደ ሺህ ግን 0.108 ዶላር ብቻ እንዳተረፍን ልብ ይሏል። ትልቁ ጥቅም የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ነው። ሺህ ፍሬ ማዘዝ አያስፈልገንም፤ አንድ ብቻ ከማዘዝ መቆጠብ ግን ያስፈልገናል።

ይዘት፣ የፖስታ ውልና ቀረጥ

ሃምሳ የሩብ ዋት ሬዚስተሮች ተደምረው 20 ግራም አይሞሉም። ይሁንና ፈጣን መልእክት አድራሾች የሚያስከፍሉት በሚዛን ብቻ አይደለም። በአውሮፕላን ውስጥ ውድ የሆነው ክብደት ብቻ ሳይሆን ቦታም ስለሆነ፣ የሳጥኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝተው በአብዛኛው ለ5000 ያካፍላሉ፤ ውጤቱን በኪሎ ግራም ቆጥረው ከሚዛኑ ጋር ያነጻጽሩና በሚበልጠው ያስከፍላሉ። በ30፣ በ20 እና በ10 ሴንቲ ሜትር ሳጥን የተላኩት ሃምሳ ሬዚስተሮች እንግዲህ 1.2 ኪሎ ግራም እንደሚመዝኑ ይቆጠራሉ። ሻጩ ዕቃውን በተራ ኤንቨሎፕ እንዲልክ መጠየቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ፖስታ ነው። ዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1874 በበርን በተፈረመ ውል ተመሠረተ፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1908 አባል ሆናለች። በመጀመሪያ እያንዳንዱ አገር የሸጠውን ቴምብር ገንዘብ ለራሱ ያስቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 የቶኪዮው ጉባኤ ላኪ አገር ለተቀባይ አገር የማደያ ካሳ እንዲከፍል ወሰነ። ካሳው ለታዳጊ አገሮች ዝቅተኛ ስለነበር፣ ከቻይና የሚላኩ እስከ 2 ኪሎ ግራም የሆኑ አነስተኛ እሽጎች በጣም ርካሽ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 በጄኔቭ የተሰበሰበው አስቸኳይ ጉባኤ ግን አገሮች የገዛ ራሳቸውን ተመን የሚያወጡበትን በር ከፈተ፤ አሜሪካም ይህንን ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለች። የጥቂት ሳንቲም ዕቃ በነጻ ሊባል በሚችል ዋጋ ባሕር የሚሻገርበት ዘመን ከዚያ ወዲህ እየጠበበ መጥቷል።

ሦስተኛው ቀረጥ ነው። በአገራችን የጉምሩክ አሠራር ቀረጥና ታክስ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ የማጓጓዣና የኢንሹራንስ ወጪ ተደምሮ ነው። የ2 ዶላር ዕቃ በ12 ዶላር ቢያስመጡ መነሻው 14 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። ታክስ ከተጠየቀበት፣ ሌላው ሁሉ ቀርቶ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ብቻ 2.10 ዶላር ይደርሳል፤ ይህም ከራሱ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። ውድ መንገድ የመረጠ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

በአንድ ጊዜ ስንት እንዘዝ?

አብዝቶ ማዘዝም የራሱ ጉዳት አለው፤ ገንዘብ ይታሰራል፣ ዕቃ ያረጃል፣ ይጠፋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ሚዛን እ.ኤ.አ. በ1913 አሜሪካዊው መሐንዲስ ፎርድ ሐሪስ በአንድ ቀላል ቀመር አስቀምጦታል። የዓመቱን ፍላጎት በአንድ ትእዛዝ ወጪ አባዝተን፣ ያንን በሁለት አባዝተን፣ አንዱን ፍሬ ለዓመት ለማቆየት በሚጠይቀው ወጪ ስናካፍልና የውጤቱን ካሬ ሥር ስንወስድ ተገቢውን የትእዛዝ መጠን እናገኛለን።

አንድ ቤተ ሙከራ በዓመት 600 ፍሬ ይፈልጋል፤ የአንድ ትእዛዝ ወጪ 12 ዶላር ነው፤ አንዱን ማቆየት በዓመት 4 ሳንቲም ያስወጣል እንበል። 2 × 600 × 12 ÷ 0.04 = 360,000 ሲሆን ካሬ ሥሩ 600 ነው። ይህም በዓመት አንድ ጊዜ ማዘዝ ማለት ነው። የመላኪያው ዋጋ ወደ 3 ዶላር፣ ማለትም ወደ ሩብ ቢወርድ መጠኑ ወደ 300 ይወርዳል፤ ሩብ የሆነው ወጪ ትእዛዙን በግማሽ ብቻ ቀነሰው። የካሬ ሥር ጠባይ ይህ ነው።

ሦስት ቁጥሮች ለአሥራ ሁለት

የፊዚክስ ዕውቀት ከገንዘብ ይልቅ የሚረዳን እዚህ ላይ ነው። በገበያ የተለመደው የሬዚስተር ተከታታይ በእያንዳንዱ የአሥር እጥፍ እርከን ውስጥ 12 ዋጋዎች አሉት፦ 10፣ 12፣ 15፣ 18፣ 22፣ 27፣ 33፣ 39፣ 47፣ 56፣ 68 እና 82። ሁሉንም ማከማቸት ግን ግድ አይደለም። 10፣ 22 እና 47ን ብቻ፣ ከየአሥር እጥፋቸው ጋር የያዘ ተማሪ የቀሩትን ዘጠኙን በሁለት ሬዚስተሮች ያገኛቸዋል።

በተከታታይ ሲያያዙ፦
ለ12፦ 10 + 2.2 = 12.2
ለ15፦ 10 + 4.7 = 14.7
ለ27፦ 22 + 4.7 = 26.7
ለ33፦ 22 + 10 = 32
ለ56፦ 47 + 10 = 57
ለ68፦ 47 + 22 = 69

በትይዩ ሲያያዙ (ብዜታቸው ለድምራቸው ሲካፈል)፦
ለ18፦ 22 እና 100 = 18.03
ለ39፦ 47 እና 220 = 38.7
ለ82፦ 100 እና 470 = 82.5

ከሁሉ የሰፋው ልዩነት በ33 ላይ የታየው 3 በመቶ ገደማ ነው። ሬዚስተሮቻችን ባለ 1 በመቶ ስሕተት ከሆኑ ውጤቱ ከ5 በመቶ አይወጣም፤ ይህም ለአብዛኛው የመማሪያ ሰርኪዩት የሚበቃ ነው። ጊዜን በሚወስኑ ሰርኪዩቶችም ዋናው ነገር የሬዚስተሩና የካፓሲተሩ ብዜት ስለሆነ፣ 10 ኪሎ ኦም ከ100 ማይክሮ ፋራድ ጋር የሚሰጠውን የአንድ ሰከንድ ጊዜ 100 ኪሎ ኦም ከ10 ማይክሮ ፋራድ ጋርም ይሰጠናል። የጎደለን ዕቃ ብዙ ጊዜ በእጃችን ባለው ዕቃ ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል።

በእጅ ያለና በጋራ የሚገኝ

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ሃያ አራት ተማሪዎች ፍላጎታቸውን በአንድ ዝርዝር አድርገው ቢያዝዙ የ12 ዶላሩ መላኪያ ለእያንዳንዳቸው 50 ሳንቲም ይሆናል። ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ጥግ የሚያዝ አንድ ኤንቨሎፕም ከዚህ ያነሰ ሸክም ነው። ዝርዝሩ ግን የተሟላ ይሁን፤ የአምራቹ ሙሉ መለያ ቁጥር፣ የቮልቴጅና የዋት መጠን፣ እንዲሁም የዕቃው እግር በሰሌዳው ቀዳዳ የሚያልፍ ነው ወይስ በሰሌዳው ፊት ላይ የሚበየድ የሚለው ይጻፍ። አንድ የተሳሳተ ፊደል ሁለተኛ ጉዞ ያስከፍላል። የሊቲየም ባትሪ በአየር ጭነት ደንብ እንደ አደገኛ ዕቃ ስለሚቆጠርም ከሌሎቹ ጋር ባይደባለቅ ይመረጣል።

ከተጣለ ሬዲዮና ማተሚያ ማሽን ደግሞ ያለ አንዳች መላኪያ ትራንዚስተር፣ ዳዮድና ሞተር ይገኛል። የተነቀለው ዕቃ ከመበየዱ በፊት በመልቲሜትር ይለካ፤ በውስጣቸው ፈሳሽ ያለባቸው ካፓሲተሮች በዕድሜ ብዛት ስለሚደርቁ አይታመኑ። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የፓወር ሰፕላይ ሳጥን ነው። የ220 ቮልት መስመር ከፍተኛ ጫፍ 220 በ2 ካሬ ሥር ሲባዛ ወደ 311 ቮልት ይደርሳል፤ ካፓሲተሩም ይህን ያህል ቮልቴጅ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ሊይዝ ይችላል። ልምድ ያለው ሰው በሌለበት ሳጥኑ አይከፈት።

እንግዲህ የመላኪያን ዋጋ የሚቀንሰው ተማሪ ከሻጭ ጋር የሚከራከረው ሳይሆን፣ የጉዞዎቹን ቁጥር የሚቀንሰው ነው። ለዚያም የሚያስፈልገው ስሌት በእጃችን ያለው ትምህርት ነው።

መለማመጃ
1. መላኪያው 15 ዶላር፣ የአንዱ ዋጋ 5 ሳንቲም ቢሆን አማካይ ወጪው ከ20 ሳንቲም እንዳይበልጥ ቢያንስ ስንት ፍሬ እንዘዝ?
2. 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ብቻ ቢኖሩን 15 ኪሎ ኦምን በሦስት ሬዚስተሮች እንዴት እናገኛለን?
3. የመላኪያው ወጪ ወደ አንድ ዘጠነኛ ቢወርድ በሐሪስ ቀመር የትእዛዙ መጠን በምን ያህል ይቀንሳል?

መልስ፦ 1) 100 ፍሬ፤ 2) ሁለቱን በትይዩ አያይዞ ሦስተኛውን በተከታታይ መጨመር፤ 3) ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል።