አቤቱታው ብዙ፣ አቅሙ ውስን ሲሆን የማን ይቅደም?

ጥያቄ፦ በኒውዚላንድ የነባሮቹ ሕዝቦች የማኦሪዎች የመሬት አቤቱታ ብዙ ነው። ገንዘብና ባለሙያ ሲያጥር ቅድሚያ ለማን ይሰጣል?

መልስ፦ እነዚህን አቤቱታዎች የሚመረምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የተቋቋመው የዋይታንጊ ትሪቡናል አቤቱታን በመጣበት ቅደም ተከተል ብቻ አያስተናግድም። ከወረፋ ወጥቶ በአስቸኳይ እንዲታይለት የሚሻ አመልካች፣ የመንግሥት እርምጃ ከባድና የማይቀለበስ ጉዳት እንደሚያደርስበት፣ ሌላ አማራጭ እንደሌለውና ለክርክር እንደተዘጋጀ ማሳየት አለበት።

ለማይቀለበስ ጉዳት ሊሸጥ የተቃረበ የመንግሥት መሬት ጥሩ ምሳሌ ነው፤ አንዴ ወደ ግለሰብ እጅ ከገባ፣ እ.ኤ.አ. ከ1993ቱ የሕግ ማሻሻያ ወዲህ ትሪቡናሉ በአብዛኛው ለማኦሪዎች ይመለስ ብሎ ሐሳብ ማቅረብ አይችልም።

የቆዩት በደሎች በአመዛኙ በየአካባቢው ተጠቃለው ባንድነት ይመረመራሉ፤ ጥናቱ ስለማይደጋገም ወጪ ይቆጥባል። ችግሩ ዝግጁነት መስፈርት ሲሆን አቅመ ደካማው ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ወረፋ ከማውጣት በፊት የጠበቃና የጥናት ወጪ ይሸፈንለት።