ባልቶን ለልጅሽ ስታነቢ

ልጄ፣ ልጅሽ ከትምህርት ቤቱ ባልቶ ስለሚባለው ውሻ የተጻፈ መጽሐፍ ተውሶ መምጣቱንና ማታ ማታ ወደ አማርኛ እየመለስሽ እንደምታነቢለት ስሰማ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ሁሉ ልጆች ሳስተምር ኖሬ፣ መድኃኒት ተሸክመው በረዶ ያቋረጡትን ውሾች ታሪክ ያህል ልብ የሚሰቅል ጥቂት ነው ያየሁት። ለዚህም ነው በደንብ እንዲነበብለት የምፈልገው። ምክሬን በቁጥር አስቀምጬልሻለሁ፤ አንዳንዱ ከረዘመብሽ ታገሺኝ።

1. አስቀድመሽ የሆነውን ነገር አንቺ እወቂው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1925 በአላስካ፣ ኖም በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ዲፍቴሪያ የሚባል በሽታ ገባ። የከተማዋ ብቸኛ ሐኪም ኩርቲስ ዌልች እጁ ላይ የነበረው መድኃኒት ጊዜው አልፎበታል። ባሕሩ በረዶ ስለሆነ መርከብ አይገባም። የዚያ ዘመን አውሮፕላን ደግሞ አብራሪው ለነፋስ ተጋልጦ የሚቀመጥበት ነበርና በዚያ ብርድ የሚታመን አልሆነም። አንኮሬጅ ሆስፒታል ውስጥ የተገኘው መድኃኒት በባቡር እስከ ኔናና መጣ፤ ከዚያ ወደ ኖም ሐዲድ የለም። የቀረውን 1,085 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ 20 ነጂዎችና 150 ገደማ ውሾች በበረዶ ጋሪ እየተቀባበሉ በአምስት ቀን ተኩል ጨረሱት። ልጅሽ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ እንዲይዝ ከተፈለገ፣ ይህን መቀባበል ይያዝ።

2. ባልቶን አታሳንሺበት፣ ግን ብቻውን አትተዪው። ናታሊ ስታንዲፎርድ እ.ኤ.አ. በ1989 ማንበብ ለሚጀምሩ ልጆች የጻፈችው መጽሐፍ ባልቶን ያነግሣል፤ ብዙ ልጆች የሚያውቁትም እሱን ነው። ባልቶ የመጨረሻውን 85 ኪሎ ሜትር መርቷል፤ ነጂው ጉናር ካሰን ነበር። ማዕበሉ እጁን እንኳ እንዳያይ ሲከለክለው መንገዱን ለውሻው ለቀቀለት። አንድ ቦታ ላይ ነፋሱ ጋሪውን ገለበጠው፤ ካሰን ጋሪውን አቅንቶ መድኃኒቱን ቢፈልገው የለም። ጓንቱን አውልቆ በባዶ እጁ በረዶውን ይዳብስ ጀመር፤ ዕቃው እጁ ላይ እስኪገባ ድረስ። እዚህ ላይ ስትደርሺ ፍጥነትሽን ቀንሺ። ልጁ ራሱ ይዳብስ።

ሲያድግ ግን ቶጎን ጨምሪለት። ሮበርት ብሌክ እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ቶጎ የሠራው ባለ ሥዕል መጽሐፍ አለ። ቶጎ ያን ጊዜ የ12 ዓመት ሽማግሌ ውሻ ነው። ባለቤቱ ሌዮናርድ ሴፓላ ገና ቡችላ ሳለ ለሰው ሰጥቶት ነበር፤ ቶጎ የመስኮት መስታወት ሰብሮ ወደ ጌታው ተመለሰ። በዚያ ዘመቻ መድኃኒቱን ለመቀበል የሄደበት ሲደመር 420 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጧል፤ ከዚህ ውስጥ መድኃኒቱን ይዞ የሄደው 146 ነው፤ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ። የኖርተንን ባሕረ ሰላጤ በረጋው በረዶ ላይ ያቋረጠውም እሱ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲያውቅ «ባልቶ የሰው ክብር ሰረቀ» ይላል። እኔ ይህን አልወደውም። ውሻው ምን ሰረቀ? ለእሱ ሐውልት ያቆሙለት ሰዎች ናቸው።

3. የሰዎቹን ስም ጮክ ብለሽ አንብቢ። ከነጂዎቹ ብዙዎቹ የአላስካ ነባር ሕዝቦች ልጆች ነበሩ፤ መጽሐፎቹ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ያልፏቸዋል። ኤድጋር ካላንድ፣ ማይልስ ጎናንግናን፣ ወንድማማቾቹ ኤድጋርና ጆርጅ ኖልነር። ኤድጋር ኖልነር ከሁሉም መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው ያረፈው። የውሻ ስም የሚያጠና ልጅ የእነሱን ስም መያዝ አያቅተውም።

4. የሞቱትን ውሾች አትዝለዪ። ቻርሊ ኤቫንስ ሁለት ውሾቹ በብርዱ ሲወድቁ እሱ ራሱ ከፊት ሆኖ ጋሪውን ጎትቷል። ልጅሽ ካለቀሰ ያልቅስ፤ አንቺ አጠገቡ ነሽ። ሁሉም በደህና ገባ ብሎ መዋሸት የሩጫውን ዋጋ ማሳነስ ነው።

5. መድኃኒቱ ምን እንደሆነ አስረጂው። ልጆች ስለ ውሻው ይጠይቃሉ፤ ስለ ጠርሙሱ ግን የሚነግራቸው የለም። ዲፍቴሪያ የልጅ ጉሮሮ ውስጥ እንደ ቆዳ ያለ ሽፋን እየሠራ ትንፋሽ ይዘጋል፤ መርዙም ልብ ይጎዳል። ያ መድኃኒት ክትባት አልነበረም፤ መርዙን የሚያመክን ሴረም ነው፤ የሚገኘውም ከፈረስ ደም ነበር። እንግዲህ ከውሾቹ በፊት ፈረሶችም ነበሩበት ማለት ነው! ዛሬ በሽታውን የሚከላከል ክትባት አለ። አገር ቤት ሕፃናት በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት የሚወስዱት ፀረ አምስት ክትባት ከሚከላከላቸው አንዱ ይኸው በሽታ ነው። የልጅሽን የክትባት ካርድ አውጥተሽ መስመሩን በጣትሽ አሳዪው።

6. ፊልሙ ከመጽሐፉ በኋላ ይምጣ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ካርቱን ባልቶን ግማሽ ተኩላ አድርጎታል። ውሻው ግን ሳይቤሪያን ሃስኪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የዘረ መል ጥናትም የተኩላ ዝርያ አላገኘበትም።

7. ታሪኩን ኖም ላይ አታቁሚው። የመጽሐፎቹ ችግር እዚህ ነው፤ መድኃኒቱ ሲደርስ ገጹም ያልቃል። ባልቶ ግን ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖሯል። በሩጫው ዓመት ዲሴምበር ላይ ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሐውልቱ ሲመረቅ ራሱ ቆሞ ነበር። ብዙም ሳይቆይ እሱና ጓደኞቹ ለትርዒት ተሸጡ፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሰው በሳንቲም እየከፈለ የሚያያቸው፣ ታስረውና ታመው የሚውሉ ሆኑ። የክሊቭላንድ ሰው የሆነ አንድ ነጋዴ አይቷቸው ከተማውን ቀሰቀሰ። የትምህርት ቤት ልጆች ሳንቲማቸውን አዋጡ፤ እ.ኤ.አ. በማርች 1927 ባልቶና ስድስት ጓደኞቹ ክሊቭላንድ ገቡ፤ ባልቶም እ.ኤ.አ. በ1933 እስኪሞት በከተማዋ የእንስሳት ማቆያ ኖረ። ለአንድ ትንሽ ልጅ ይህ ከሩጫው ይልቅ የቀረበ ነው፤ እሱ የበረዶ ጋሪ አይነዳም፣ ሳንቲም ግን አለው። የባልቶ ገላ ዛሬም እዚያው ክሊቭላንድ፣ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ይታያል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ውሰጂው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ግን የቶጎን መጽሐፍ ጨርሱት።